ሌላ ኤጀንት ሲያጠፋ ምን እናድርግ? በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለምንሠራ የቤት ኤጀንቶች የአቤቱታ አቀራረብ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቢሮዬ መጡ። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ የቤት ግዢ ወረቀቶች፣ የባንክ ስቴትመንትና የአንድ ቼክ ኮፒ አለ። ቼኩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «እስቲ ይቺን እይልኝ ልጄ» አሉኝ። የ5,000 ዶላር ቼክ ነው። ማስታወሻው መስመር ላይ «ኧርነስት መኒ» (ለቤት ግዢ የሚሰጥ ቀብድ) ተብሎ ተጽፏል። ተቀባይ በሚለው መስመር ላይ ግን የታይትል ካምፓኒ (ግዢውን የሚያጠናቅቀው ድርጅት) ስም የለም። የብሮከሬጁም (ኤጀንቱ የሚሠራበት ድርጅት) ስም የለም። የተጻፈው የኤጀንቱ የራሱ ስም ነው።

ቤቱ አልተገዛም። ብሩም አልተመለሰም። «ለምን አልጠየቁትም እትዬ?» አልኳቸው። «እንዴት ብዬ? የኛው ልጅ ነው እኮ። ቤተ ክርስቲያን እንተያያለን» አሉኝ።

እኔም የዚያን ቀን ያደረግኩት ስልክ መደወል ብቻ ነው። ልጁ ደነገጠ፤ በሳምንቱ ብሩን መለሰ። እኔም አለቀ ብዬ ዝም አልኩ። ከሰባት ወር በኋላ ሌላ ቤተሰብ በዚያው መንገድ ከዚያ የበለጠ ብር እንደሰጠውና እንዳልተመለሰለት ሰማሁ። ያኔ ስለ መጀመሪያው ቼክ ለሪልተሮች ማኅበር ላመልክት ብዬ ደንቡን ሳነብ አቤቱታ የሚቀርብበት የ180 ቀን ጊዜ አልፏል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ብዙዎቻችን የባልደረባ ጥፋት ስናይ ቡና ላይ እናወራዋለን፤ ወረቀት ላይ ግን አናሰፍረውም። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍና የት እንደሚገባ ያሳየን ሰውም የለም። እኔ በምሠራበት አካባቢ፣ ማለትም በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያለውን መንገድ ከነደረጃው ላስረዳ። ሌላ ስቴት ያላችሁም የመሥሪያ ቤቱን ስም ብትቀይሩት አካሄዱ ብዙም አይለይም። የቀን ገደቡንና የቅጣቱን መጠን ግን በየስቴታችሁ አረጋግጡ።

አንደኛ፦ ሰውየው ማን እንደሆነ አጣሩ

ከሁሉ በፊት ላይሰንሱን ፈልጉ። በሦስቱም ቦታ ስም አስገብቶ በኦንላይን በነፃ ማየት ይቻላል። በሜሪላንድ በሌበር ዲፓርትመንት ሥር ያለው የሪል እስቴት ኮሚሽን ነው። በቨርጂኒያ ዲፒኦአር የሚባለው መሥሪያ ቤትና በሥሩ ያለው የሪል እስቴት ቦርድ ነው። በዲሲ ደግሞ በላይሰንስና በሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሪል እስቴት ኮሚሽን ነው። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ሙሉ ስሙን፣ የላይሰንስ ቁጥሩን፣ በየትኛው ብሮከር ሥር እንደሚሠራና ላይሰንሱ አሁን የሚሠራ መሆኑን። ገጹን ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

የሀበሻ ስም በእንግሊዝኛ በአምስት ዓይነት መንገድ ይጻፋል። በአንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ ስላጣችሁት ብቻ ላይሰንስ የለውም አትበሉ። የአባቱን ስም ብቻ አስገብታችሁም ሞክሩ። እውነትም ከሌለው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያለ ላይሰንስ ቤት ማሻሻጥ በራሱ የሕግ ጥሰት ነው፤ አቤቱታውም በቀጥታ ለስቴቱ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሪልተር መሆኑን አጣሩ። እኛ ዘንድ «ሪልተር» የሚለው ቃል ቤት ለሚያሻሽጥ ሁሉ ይውላል። ትክክለኛ ትርጉሙ ግን በ1908 የተመሠረተው የአሜሪካ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር አባል ማለት ነው። ላይሰንስ ግዴታ ነው፤ አባልነት ግን በፈቃድ ነው። ማኅበሩ ከ1913 ጀምሮ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ አለው። ደንቡ የሚይዘው አባላቱን ብቻ ነው። ሰውየው አባል ካልሆነ ለማኅበሩ ብታመለክቱ ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣል፤ እናንተም ጊዜ ታባክናላችሁ።

ሁለተኛ፦ በእርግጥ ጥፋት መሆኑን ለዩ

እዚህ ላይ ራሳችንን በሐቅ እንጠይቅ። ደንበኛዬ ጥሎኝ ሄደ ማለት ተሰረቅኩ ማለት አይደለም። በትንሽ ኮሚሽን መሥራት ጥፋት አይደለም። ስልክ አለመመለስ፣ ኩርፊያ፣ ሻካራ ንግግር ያናድዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከብሮከሩ ጋር በመነጋገር የሚያልቁ ናቸው። ማኅበሮች ለእንዲህ ያለው ነገር ኦምቡድስማን የሚባል ሰው ይመድባሉ። ሁለቱንም በስልክ አነጋግሮ ያግባባል፤ አይፈርድም።

ጥፋት ከሆነ ግን ከደንቡ አንቀጽ ጋር ማያያዝ አለባችሁ። እኛ ዘንድ በብዛት የማያቸውን ላንሳ።

የመጀመሪያው ውል ያለውን ደንበኛ ማባበል ነው። አንቀጽ 16 ይህን ይከለክላል። ከኦገስት 17፣ 2024 ወዲህ ገዢው ቤት ከማየቱ በፊት የጽሑፍ ውል መፈረም ስላለበት ጉዳዩ በጣም ተባብሷል። በፊት ውል የሚኖረው በአብዛኛው ሻጩ ነበር፤ አሁን ገዢውም ፈርሟል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ወይም ክርስትና ላይ ያገኛችሁትን ሰው ከማስፈረማችሁ በፊት «ከሌላ ኤጀንት ጋር ፈርመዋል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ግዴታችሁ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ደንበኛው ራሱ ፈልጎ ለሌላው ኤጀንት ከደወለና ኤጀንቱ ካልጀመረው፣ ስለ ወደፊት ውል ሊያነጋግረው ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መጀመሪያ ማን ደወለ የሚለው ነው። መረጃችሁ ይህን ካላሳየ አቤቱታው አይቆምም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ኧርነስት መኒ በኤጀንት ስም መቀበል፣ ወደ ኤስክሮው (የደንበኛ ገንዘብ ለብቻው የሚቀመጥበት ሒሳብ) ሳያስገቡ ማቆየት፣ ከሞርጌጅ ኦፊሰር ወይም ከታይትል ካምፓኒ «ሰው ላክልኝ» ተብሎ በጓሮ ብር መቀበል። አንቀጽ 8 የደንበኛ ገንዘብ ለብቻው እንዲቀመጥ ያዛል። አንቀጽ 6 ደንበኛው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ጥቅም መቀበልን ይከለክላል። ከሞርጌጅ ወይም ከታይትል የሚመጣው የመላኪያ ክፍያ ግን ከሥነ ምግባርም አልፎ በ1974 በወጣው ሬስፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል። ብሮከር ለብሮከር የሚከፍለው የሪፈራል ክፍያ በዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ ይፈቀዳል።

ሦስተኛው አድልዎ ነው። ይህን ስጽፍ ብዙ ሰው ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። «ለሀበሻ ብቻ» ወይም «ለክርስቲያን ብቻ» ብሎ ቤት ማስተዋወቅ በ1968ቱ የፌር ሀውዚንግ ሕግ ክልክል ነው። በአማርኛ ተጽፎ ቴሌግራም ላይ መለጠፉ አያድነውም። «ይሄ ሰፈር ለእናንተ አይሆንም፤ የኛ ሰው ያለበት ይሻላችኋል» እያሉ ገዢን መምራትም እንዲሁ ነው። እኛ ራሳችን ስንገለል የምንጮኽበት ሕግ ይሄው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ያልተፈቀደለትን ቤት የኔ ሊስቲንግ ነው ብሎ ማስተዋወቅ፣ ማስታወቂያ ላይ የብሮከሬጁን ስም አለመጥቀስ (አንቀጽ 12)፤ የቤቱን ችግር መደበቅ (አንቀጽ 2)፤ የሎክቦክስ (የቤቱ ቁልፍ የሚቀመጥበት ሳጥን) ኮድ ለገዢ ሰጥቶ «ሄዳችሁ እዩት» ማለት (አንቀጽ 3)፤ ለዘመድ ወይም ለራስ እየገዙ አለመናገር (አንቀጽ 4)፤ ስለ ሌላ ኤጀንት ሐሰት ማውራት (አንቀጽ 15)፤ ደንበኛው የፈረመውን ወረቀት ኮፒ አለመስጠት (አንቀጽ 9)። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናት ግን ያ ኮፒ ብቸኛ መረጃቸው ነው።

የደንቡ መግቢያ ላይ ሁላችንም ልናነበው የሚገባ ዓረፍተ ነገር አለ። የደንበኛ ገንዘብ ወይም ንብረት መበላቱን፣ ሆን ተብሎ አድልዎ መፈጸሙን፣ ወይም ከባድ ኪሳራ ያደረሰ ማጭበርበር መኖሩን በቀጥታ ያወቀ አባል ለማኅበሩ እንዲያሳውቅ ይላል። ስለዚህ በእነዚህ ሦስቱ ላይ «እኔን ምን አገባኝ» የሚባል ነገር የለም። በቀጥታ ያወቀ የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ያያችሁት፣ የሰማችሁት፣ ወረቀቱ እጃችሁ የገባ መሆን አለበት። እከሌ እንዲህ አለኝ አይበቃም።

ሦስተኛ፦ የት እንደምታመለክቱ ምረጡ

ብዙ አቤቱታ የሚሞተው የማይመለከተው ቦታ ገብቶ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ምን ማድረግ እንደሚችል ልንገራችሁ።

*የሰውየው ብሮከር።* ቀላል ነገር ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ሞክሩ። ቀድማችሁ ግን ለራሳችሁ ብሮከር ንገሩ። ከዚያ የናንተ ብሮከር ለእሱ ብሮከር ይደውል፤ ሁለት አለቆች ሲነጋገሩ ነገሩ ይቀዘቅዛል። በኢሜይልም ይደገም። በቨርጂኒያ ተቆጣጣሪ ብሮከር በሥሩ ያለ ሰው የኤስክሮው ገንዘብ ላይ ጥፋት ሠርቷል ብሎ ካመነ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለቦርዱ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ነገሩ በጽሑፍ ሲደርሰው ዝም ማለት ይከብደዋል።

*የሪልተሮች ማኅበር።* በሞንትጎመሪ ካውንቲና በዲሲ ጂካር፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ኤንቪኤአር፣ በፕሪንስ ጆርጅስና በፕሪንስ ዊሊያም ደግሞ የየራሳቸው ማኅበር አለ። ሥነ ምግባር ላይ ይፈርዳል። ማስጠንቀቂያ፣ ትምህርት፣ እስከ 15,000 ዶላር ቅጣት፣ ከአባልነት ማገድና ማባረር ይችላል። ላይሰንስ መንጠቅ አይችልም። ለተጎዳው ደንበኛ ብር ማስመለስም አይችልም። የምታመለክቱት ነገሩን ካወቃችሁ፣ ወይም በተገቢው ጥንቃቄ ልታውቁት ትችሉ ከነበረበት ቀን፣ ወይም ግዢው ካለቀበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። የሚቆጠረው የኋለኛው ቀን ነው። እኔን የቆጨኝ ይሄው ቁጥር ነው።

*ኮሚሽን የማን ነው የሚል ጭቅጭቅ።* ይህ የሥነ ምግባር አቤቱታ አይደለም። አንቀጽ 17 የሚለው ግልግል ነው። ቅጹም ችሎቱም ለየብቻ ናቸው። ኤጀንት ብቻውን አያመለክትም፤ የብሮከሬጁ ኃላፊ ነው የሚጠይቀው። «ኮሚሽኔን ወሰደብኝ» የሚለውን እና «ደንበኛዬን አባበለ» የሚለውን አንድ ወረቀት ላይ አታቀላቅሉ።

*የስቴቱ ኮሚሽን።* ላይሰንስ የሚያግደውና የሚነጥቀው ይህ ነው። ሜሪላንድ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 5,000 ዶላር መቅጣት ትችላለች። ቨርጂኒያ አቤቱታው ድርጊቱ ከተፈጸመ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲደርሳት ትፈልጋለች። የገንዘብ፣ የሐሰት ፊርማና ያለ ላይሰንስ የመሥራት ጉዳይ ያለ ማወላወል እዚህ ይግባ። ለማኅበሩም ለስቴቱም በአንድ ጉዳይ ማመልከት ይቻላል፤ ማኅበሩ ግን የስቴቱን ውጤት ልጠብቅ ሊል ይችላል።

*ኤምኤልኤስ (ኤጀንቶች የሚሸጡትን ቤት የሚያስገቡበት የጋራ መዝገብ)።* የሊስቲንግ ስህተት፣ የተሳሳተ ስታተስ፣ ኤምኤልኤስ ላይ የኮሚሽን መጠን ማስቀመጥ፣ ለሕዝብ እያስተዋወቁ ሊስቲንጉን አለማስገባት። እኛ አካባቢ ያለው ኤምኤልኤስ ብራይት ይባላል። አጭርና ፈጣን ነው፤ አድራሻውንና የሊስቲንግ ቁጥሩን ይዛችሁ ጠቁሙ።

*የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች።* አድልዎ ከሆነ ለሀድ (የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት)፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። የሬስፓ ጉዳይ ለሲኤፍፒቢ (ሸማቾችን በገንዘብ ጉዳይ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት)።

*ፖሊስ።* ገንዘብ ከተሰረቀ ማኅበርንም ኮሚሽንንም አትጠብቁ። ብሩ በዋየር ከተላከ ደግሞ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ደንበኛው ወዲያው ባንኩ ደውሎ ዋየሩ እንዲመለስ ይጠይቅ፤ ከዚያ ኤፍቢአይ ለኢንተርኔት ወንጀል የከፈተው ድረ ገጽ ላይ ያመልክት።

አራተኛ፦ መረጃውን ሰብስቡ

አንድ ፎልደር ክፈቱ። ውሉ፣ ኢሜይሉ፣ ቴክስቱ፣ ቼኩ፣ ማስታወቂያው ይግባ። ስክሪንሾት ስታነሱ የላኪው ስልክ ቁጥርና ቀኑ አብሮ ይታይ። ስማቸውን ብቻ «አበበ ሪልተር» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግባችሁ ከሆነ ቁጥሩ ራሱ የሚታይበትን ገጽም አንሱ። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ነገር ይጠፋል፤ ባያችሁበት ደቂቃ አንሱት።

ስልክ ስለ መቅዳት አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በሜሪላንድ ሌላው ሰው ሳይፈቅድ ንግግሩን በድብቅ መቅዳት ከባድ ወንጀል ነው። በቨርጂኒያና በዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል። እኛ ግን አንዱ እግራችን ሜሪላንድ፣ ሌላው ቨርጂኒያ ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ አትቅዱ። ከስልኩ በኋላ ቁጭ ብላችሁ የተባለውን ከነሰዓቱ ጻፉ። ራሱ ቀድቶ የላከላችሁ የቴሌግራም ቮይስ ግን ሌላ ነው። እሱን ሳታጠፉ አስቀምጡት።

በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ካለ ኮሚቴው አያነበውም። ዋናውን ከነአማርኛው አያይዙ፤ ከጎኑ ትርጉም ይሁን። ትርጉሙን እናንተ ራሳችሁ አትሥሩት፤ ጥቅም ያለው ሰው ነው የተረጎመው ይባላል። ብቁነቱን ፈርሞ የሚያረጋግጥ ተርጓሚ ተጠቀሙ።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። ደንበኛችሁ «በጥምቀት ሰሞን ነው የደወለልኝ» ቢሏችሁ «ከበዓሉ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው፤ አንዳንድ ዓመት ግን 20 ይውላል። ከዚያ የስልካቸውን ታሪክ አብራችሁ እዩ፤ ጃንዋሪ 21፣ ከምሽቱ 7፡40 የሚል ታገኛላችሁ። ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት። «ማታ በሁለት ሰዓት» ያሉት ለኮሚቴው ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይገባዋል።

የደንበኛን ወረቀት ከማያያዛችሁ በፊት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ውሉ ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። የሶሻል ሴኩሪቲና የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን በጥቁር ሸፍኑ።

አምስተኛ፦ ጻፉት

የማኅበሩ ቅጽ አጭር ነው፦ የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ ተጣሰ የምትሉት አንቀጽ፣ ፊርማ። ዋናው ሥራ አብሮት የሚያያዘው ታሪክ ነው። እዚያ ላይ ነው የምንሳሳተው። አንድ ባልደረባዬ ከመላኩ በፊት ያሳየኝ ረቂቅ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ይህ ሰው ሌባ ነው። ሁልጊዜ የሰው ደንበኛ ይሰርቃል። ሁሉም ሀበሻ ያውቀዋል። ላይሰንሱ ይነጠቅልኝ።»

ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን እዚህ ውስጥ አንድም የሚጣራ ነገር የለም። አብረን ቁጭ ብለን እንዲህ አደረግነው፦

«ማርች 3 ከደንበኞቼ ጋር የስድስት ወር የገዢ ውክልና ውል ተፈራረምን (አባሪ 1)። ማርች 20 ተከሳሹ ለባልየው ደወለ (አባሪ 2፣ የስልክ ታሪክ)። ባልየው ውል እንዳላቸው ነገሩት። በዚያው ምሽት 8፡15 ተከሳሹ ‹ያንን ውል ተዉት፣ እኔ ከኮሚሽኔ እመልስላችኋለሁ› የሚል መልእክት ላከላቸው (አባሪ 3፣ ከነትርጉሙ)። ማርች 24 ደንበኞቼ ውሉን ማቋረጥ እንደሚፈልጉ ጻፉልኝ (አባሪ 4)። ይህ አንቀጽ 16ን የሚጥስ ይመስለኛል።»

ሌባ የሚል ቃል የለም፤ አያስፈልግምም። ማን መጀመሪያ እንደደወለና ውል መኖሩን እያወቀ እንደቀጠለ ከቀኖቹ ይታያል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ አባሪ። ያላያችሁትን አትጻፉ። ከዚህ በፊት ሠርቷል የተባለውን አትጨምሩ። ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አንቀጽ ደግሞ አታብዙ። ከ1 እስከ 17 ደርድሮ የላከ ሰው አውቃለሁ፤ የትኛውንም ማስረዳት አቃተው።

ሐሰተኛ ወይም መሠረት የሌለው አቤቱታ እያወቁ ማቅረብ በራሱ የአንቀጽ 15 ጥሰት ነው። ለበቀል የሚጻፍ ወረቀት በጻፈው ላይ ይዞራል። በአንድ ድርጊት ላይ ምርመራውን ለማደናቀፍ አቤቱታ መደራረብም ክልክል ነው።

ስድስተኛ፦ ካስገባችሁ በኋላ

መጀመሪያ የሚያየው የአቤቱታ መርማሪ ኮሚቴ ነው። እሱ እውነት ነው ሐሰት ነው አይልም። የሚጠይቀው «የተጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆን ደንቡ ይጣሳል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። አይጣስም ካለ ይዘጋዋል፤ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይጣሳል ካለ ወደ ችሎት ይመራዋል። ተከሳሹ መልስ እንዲሰጥ 15 ቀን ይሰጠዋል። ችሎቱ ላይ የሚቀመጡት እንደኛው ሪልተሮች ናቸው። ለችሎቱ ቢያንስ የ21 ቀን ማስታወቂያ ይደርሳችኋል። ከዳኞቹ መካከል ከተከሳሹ ጋር የሚሠራ ወይም ዘመድ የሆነ ካለ እንዲነሣ ጠይቁ።

የማስረዳት ሸክሙ የናንተ ነው። የሚፈለገውም ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ነው፤ በኮሚሽን ግልግል ላይ ከሚፈለገው ይበልጣል። ስለዚህ ምስክር ወሳኝ ነው። ደንበኛው መጥተው በአንደበታቸው ቢናገሩ ይመረጣል። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድማችሁ ለማኅበሩ አሳውቁ። የራሳችሁን የአክስት ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትምጡ።

«ስሜን አጠፋህ ብዬ እከስሃለሁ» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ። በሥነ ምግባር ሒደት ውስጥ ያለን ከሳሽ ወይም ምስክር በስም ማጥፋት እከሳለሁ እያሉ ማስፈራራት ራሱ የአንቀጽ 14 ጥሰት ነው። ስልኩ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ፎልደሩ ውስጥ ጨምሩት። ይህ ከለላ የሚሠራው ግን በሒደቱ ውስጥ ላላችሁት ነው። ፌስቡክ ላይ ከጻፋችሁት ሌላ ነው። ክሱንም ሆነ ውሳኔውን ያለ ፈቃድ ማሠራጨት በዚያው አንቀጽ ክልክል ነው። ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ ለደንበኛም «እሱ እኮ ተከሷል» አትበሉ።

ሽማግሌ ቢመጣስ?

ይመጣል። ቄሱ ይደውላሉ። የዕድር ሊቀመንበሩ ይደውላሉ። «ልጆች አሉት፤ እንጀራውን አትዝጋበት» ይሏችኋል። ሽማግሌ እንቢ ማለት አስተዳደጋችን አይፈቅድም፤ እኔም እንቢ በሉ አልልም። ሁለቱን ነገር ግን ለዩ።

የናንተና የእሱ ጠብ ከሆነ ታረቁ። ኮሚሽን ላይ ተጣልታችሁ ከሆነ ማኅበሩም ራሱ ከግልግል በፊት ሽምግልና ያቀርባል፤ ሽማግሌዎቹ ካስታረቋችሁ ደግሞ ብሮከሮቻችሁ በጽሑፍ ይፈራረሙበት። የሦስተኛ ሰው ገንዘብ ከሆነ ግን ይቅር የማለት መብት የናንተ አይደለም። ብሩ ተመለሰ ማለትም ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት «ጋሼ፣ እኔ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ያየሁትን ለሚመለከተው ተናግሬአለሁ፤ የቀረውን እነሱ ያዩታል» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር በፍጹም አታድርጉ። «ብሩን ካልመለስክ ለኮሚሽኑ አመለክታለሁ» ብላችሁ አትደራደሩ። አቤቱታን የገንዘብ ማስፈራሪያ ማድረግ ራሳችሁን በሕግ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ማመልከት ካለባችሁ አመልክቱ፤ ብሩን ደግሞ ደንበኛው በጠበቃው ይጠይቅ።

ለተጎዳው ደንበኛ

የኛ አቤቱታ የደንበኛውን ቦታ አይተካም። ደንበኛው ራሱ ለስቴቱ ማመልከት ይችላል፤ በሜሪላንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የሪል እስቴት ጋራንቲ ፈንድ ይባላል። ላይሰንስ ያለው ሰው በስርቆት፣ በማጭበርበር ወይም በሐሰት ፊርማ ላደረሰው እውነተኛ ኪሳራ እስከ 50,000 ዶላር ይከፍላል። የሚጠየቀው ኪሳራው ከታወቀ ወይም መታወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ቅጹን አብራችሁ አንብቡላቸው። መሙላቱን እነሱ ያድርጉት፤ የሕግ ምክር ካስፈለጋቸው ወደ ጠበቃ ምሯቸው።

ሁለተኛው ቤተሰብ ለስቴቱ ሲያመለክት እኔም የማውቀውን ጽፌ ፈረምኩ። የማኅበሩ ቀን ቢያልፍም የስቴቱ አላለፈም ነበር። ከዚያ ወደ እኚያ እናት ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ቤተ ክርስቲያን እንተያያለን እኮ» አሉኝ ደግመው። የሁለተኛው ቤተሰብ ልጆች ስንት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ሦስት ናቸው አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። ያንኑ ፌስታል ይዘዋል። ቼኩን አውጥተው እኔ ሳልጠይቃቸው ጀርባው ላይ የሰጡበትን ቀን በራሳቸው እጅ ጽፈውበት ነበር።